የሐምሌ ሰላምታ

በሙጃ ከተማ የጎረቤቴን የግንበኛውን ሰላምታ ብቻ በማዳመጥ፣ ቀን መቁጠሪያ ሳይገልጡ ወሩን ማወቅ ይቻላል።

በጥርና በየካቲት፣ ሠርግና ሥራ በአንድነት በሚበዙበት ወራት፣ ውኃ ልኩን በትከሻው፣ መዶሻውን በእጁ ይዞ ሲያልፍ፣ ከመንገዱ ማዶ አገጩን ብቻ ቀና አድርጎ «ደኅና ዋሉ ጋሼ» ይለኛል፤ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ እርሱ በቅያሱ ታጥፎ ሄዷል። በግንቦት ቆም ማለት ይጀምራል። በሰኔ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል። ሐምሌ ሲገባ ግን፣ ጉሙ የጊዳንን ደጋ አልብሶ ከቤት ወደ ቤት መተያየት በሚያስቸግርበት በዚያ ብርድ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከደጄ ይቆምና፣ ከእኔ ጀምሮ ወደ ባለቤቴ፣ ከባለቤቴ ወደ ልጆቼ፣ ከልጆቼ ወደ ላሚቱ፣ ከላሚቱም ወደ ጥጃዋ እየተሸጋገረ የሁላችንንም ጤንነት በየተራ ይመረምራል። አምና ያመመኝን አስታውሶ «ያ ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ?» ያለ ዕለት፣ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ሰውየውን ለማማት የተነሣሁ እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ልናገር። ጎረቤቴ ሰነፍ አይደለም፤ ጠጪም አይደለም፤ የጠረበው የማዕዘን ድንጋይ በቱንቢ ሲለካ ዝንፍ አይልም፤ በገበያው ዙሪያ ቆመው ከሚታዩት ቤቶች ብዙዎቹ በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው። የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሐምሌ በመጣ ቁጥር ከዚህ በፊት ሐምሌ የሚባል ወር አይቶ እንደማያውቅ ሰው የሚደነግጥ መሆኑ ነው። «ዘንድሮ ክረምቱ ቀደመን እኮ ጋሼ» ይለኛል። ክረምቱ ግን አልቀደመም፤ በቀኑ መጥቷል።

ቀደምት ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ከፍለው፣ ዘመነ መፀው መስከረም 26፣ ሐጋይ ታኅሣሥ 26፣ ጸደይ መጋቢት 26፣ ክረምት ደግሞ ሰኔ 26 ቀን እንዲገባ ወስነው፣ ይህንኑም በየደብሩ እያስተማሩ ለእኛ አድርሰውልናል። የጊዳን ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በሙጃ ለሚኖር ግንበኛ ይህ ድንጋጌ ከጸሎትና ከመዝሙር ሥርዓት በላይ የሆነ ትርጉም አለው፤ ሰኔ 26 ቀን ከሥራ የሚሰናበትበት፣ መስከረም 25 ቀን ስንብቱ የሚያበቃበት ዕለት ነውና። በመካከሉ ጭቃው አይደርቅም፤ ልስኑ አድሮ ይረግፋል፤ አሸዋ ጫኙ መኪና ዳገቱ ላይ ተይዞ ያድራል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሠራተኛውን ሲያሰናብት፣ እንደ አገልግሎቱ ዘመን፣ ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ያዛል። ክረምት የብዙ መቶ ዓመት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሳለ በጎረቤቴ ዘንድ በችኮላ ይከሰሳል።

አዋጁን ካነሣሁ ዘንድ፣ ሕጉ ራሱ ለግንበኛው የሚያደርግለት ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደመወዝተኛ በሕግ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ሥራውን ሲያጣ፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራም ቢሆን እርሱ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታው ያዋጡለታል። በቁርጥ ተዋውሎ ግንብ የሚያቆም ሰው ግን አሠሪውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ራሱን ባሰናበተ ጊዜ ክፍያውን ከማን እንደሚጠይቅ የሚነግረው አንቀጽ የለም። ስለዚህ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ በወሩ መጨረሻ የምትመጣ የታወቀች ገንዘብ አለችኝ፤ በአገራችንም የታወቀ ገንዘብ ያለው ሰው የታወቀ እንግዳ አያጣም።

በዚህ በላስታ ምድር ስለ ግንበኛ ሲወራ የቅዱስ ላሊበላን ዘመን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት ተፈልፍለው እስኪፈጸሙ 23 ዓመት ፈጅተዋል፤ ቀን ሰዎች ሲጠርቡ ይውላሉ፤ ሌሊት ደግሞ መላእክት ይተኳቸዋል። ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚያደንቀው የመላእክቱን መውረድ ነው። እኔ ግን የጎረቤቴን ኑሮ ካየሁ ወዲህ ይበልጥ የማደንቀው፣ ለ23 ዓመት ያለ ማቋረጥ ሥራ ያገኙትን ጠራቢዎች ዕድል ሆኗል። አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው እስኪገኝ በማን ደጅ ቆመው ስለ ማን ጥጃ ጠየቁ? የሌሊቱ ፈረቃም ቢሆን ጉዳት ሳያመጣ አልቀረም፤ ቀብድ ሳይቀበሉ ሠርተው፣ ቀሪ ሂሳብ ሳይጠይቁ ወደ ሰማይ የሚመለሱ ሠራተኞች አንድ ጊዜ ከታዩ በኋላ፣ የአገራችን ባለቤት ሁሉ ከግንበኛ ያንኑ ጠባይ የሚጠብቅ ሆኖ ቀርቷል።

በሌላው ዓለም ያሉ የገንዘብ አማካሪዎች ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖረውን ገንዘብ ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጥ፣ በራሱ ሥራ የሚያድር ሰው ደግሞ ከዚያ አብልጦ እንዲይዝ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን መካሪዎቹ ሥራ የሚቋረጠው በድንገት ነው ብለው ያስባሉ። እኛ ዘንድ ግማሹ ድንገት ሳይሆን ቀጠሮ ነው። የክረምቱን ሦስት ወር አስቀድሜ ቆጥሬያለሁ። ጥቅምት ሲመጣ ድንጋዩ ይደርቃል፤ ፀሐይም ትወጣለች፤ ቤት የሚያሠራው ገበሬ እህል ግን ገና ከማሳ ላይ ስለሆነ፣ በጥቅምት ለግንበኛ የሚከፈለው ተስፋ ብቻ ነው። እነሆ አራት ወር ሆነ። ስምንት ወር ሠርቶ ዐሥራ ሁለት ወር የሚበላ ሰው፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ከሚያገኘው ከሦስት አንዱን እጅ ማስቀመጥ አለበት፤ ይህም ለክፉ ቀን ሳይሆን ለተራው ቀን ነው። ከዚህ ላይ የበልጉ ነገር አለ። የእኛ ደጋ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ የሚዘራ የበልግ ገብስ ጠባቂ ነው፤ በልግ የቀረ ዓመት ባለቤቱ ግንቡን ከመስኮቱ ልክ ላይ አቁሞ «እግዜር ሲሰጠን እንጨርሰዋለን» ይላል፤ ያን ጊዜ ስምንቱ ወር ወደ አምስት ይወርዳል።

ይህን ስሌት ለአንድ መሪጌታ ወዳጄ ባሳየሁት ጊዜ፣ ብዕሬን ተቀብሎ ጥቂት አሰበና፣ «ዮሴፍ በግብፅ ከአምስት አንዱን እጅ ነው ያከማቸው፤ አንተ ከሦስት አንዱን ማለትህ ከጻድቁ ልትበልጥ ነውን?» አለኝ።

«በሰባቱ የጥጋብ ዓመት ከአምስት አንዱ ሲከማች» አልሁት፣ «ጠቅላላው የአንድ ዓመት ከሁለት አምስተኛ ምርት ነው። ይህ ለሰባት የረኃብ ዓመት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው የተለመደው መከር አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። በዚህ ማን ይጠግባል?»

መሪጌታው ሳቀ። «ታዲያ መች ጠገቡ? ምዕራፉን ገፋ አድርገህ አንብበው እንጂ! መጀመሪያ ብራቸውን ሰጡ፤ ቀጥሎ ከብታቸውን፤ በመጨረሻም መሬታቸውንና ራሳቸውን ለፈርዖን ሰጥተው እህሉን ገዙ። ያከማቸው ፈርዖን ነው፤ የተገዙት ሕዝቡ ናቸው። ዮሴፍ ብልህ ነበረ፤ ጎተራው ግን የሌላ ሰው ነበረ።» ስለ ቁጠባ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ እንዲህ ባጭሩ የተነገረ ሌላ አላስታውስም።

የስድስት ወሩ ምክር የማይበቃበትን ጊዜ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤታችን ላሊበላ አለች። እዚያ ያሉት አስጎብኚዎች፣ ወደ አሸተን ማርያም እንግዳ የሚያወጡ በቅሎ አከራዮች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡት ጫማ ጠባቂዎች ሳይቀሩ፣ ሁሉም በእንግዳ ቁጥር የሚኖሩ የቁርጥ ሠራተኞች ናቸው። በገናና በጥምቀት መካከል ያገኙትን እስከ መስከረም ያደርሱታል፤ ይህ የተለመደው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕመም በአገራችን መገኘቱ ተነገረና እንግዳ ተቋረጠ። ወረርሽኙ ጋብ ይላል ሲባል በሐምሌ 2013 ማለቂያ ጦርነቱ ከተማይቱ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። ትንሽ አንገቷን ቀና ስታደርግ ደግሞ በ2015 ማለቂያ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ይህን ሁሉ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያስቀምጥ ብሎ አንድን አስጎብኚ መምከር፣ ፈርዖን ሁን ማለት ነው። በደጉ ዘመን ከጥሬ ገንዘቡ ይልቅ የአባቱን ጥማድ በሬ ሳይሸጥ የቆየ፣ «እንግሊዝኛ እያወቅህ ታርሳለህን?» ተብሎ የተሳቀበት፣ እርሱ በገብስና በድንች ከርሟል። ከሳቁበት መካከል የበሬውን ዋጋ ጠይቀው የመጡ አሉ።

ገንዘብ በምን መልክ ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ያከራክራል። የደጋ ሰው ባንኩ በግ ነው። በግ መልካም ነው፤ ይራባል፤ በስልክም አይላክም፤ ዘመድ «ላክልኝ» ሲል «እግሩን አሞታል» ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ግንበኛ በጉን ሊሸጥ የሚወጣበት ጊዜ ከሥርዓተ ጾም ጋር የተጣላ ነው። የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በጾም በግ የሚገዛ ክርስቲያን ካለ በርካሽ የሚገዛ ነጋዴ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም በአንድ ወራት ተቸግሮ በጉን ሲጎትት የበጉ ዋጋ ይወርዳል፤ የእህሉ ይወጣል። አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን የ1965 እና የ1966 ረኃብ ሲመረምር ያሳየው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ የጎደለው ከብቱ ያለቀበትና ማሳው የደረቀበት ሰው እህሉን የሚገዛበት ነገር ነው። ይህን ወግ በቀልድ ብጀምረውም፣ በዚህ አገር ስለ መጠባበቂያ የሚያወራ ሰው ያን ዘመን ዘሎ ሊያልፈው አይችልም።

ዕቁብም አለ። ብልህ ግንበኛ ዕጣው በጥር የወጣለት እንደሆነ ደስ አይለውም፤ ጥር የሠርግ ወር ነውና የዕቁብ ብር በሙሽራ ቤት ያልቃል። ከሌላው ጋር ተለዋውጦ፣ ጥቂት ጨምሮለትም ቢሆን፣ የሰኔን ዕጣ ይይዛል። ጎረቤቴ ግን ዕጣው በጥር በወጣለት ጊዜ የእልልታውን ያህል አውራ በግ ገዛ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የተባለው በሰኔ ማለቂያ በእርሱ ቤት ይፈጸማል።

ባንክስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ስሙ ከግንበኛ ኑሮ ጋር ይስማማል፤ ጸደይ ሰኔ 25 ቀን ነዋ የሚያበቃው። ባንክ ገንዘብን ከባለቤቱ እጅ ስለሚያርቅ እወድደዋለሁ። ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን አይተናል። ቆርቆሮ እገዛበታለሁ ብሎ ያስቀመጠ ሰው ብሩን ሳትጎድል አገኛት፤ ቆርቆሮው ግን እርሱን አልጠበቀውም። ስለዚህ ከሦስት ወር የሚያልፈውን ሁሉ በብር መያዝ አይመከርም። ጥቂቱ በብር፣ ጥቂቱ በእህል፣ ጥቂቱ በበግ ይሁን፤ በጉም ለዐውደ ዓመት እንጂ ለፍልሰታ አይቅጠር።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍሬ ስጨርስ፣ ሊቅነቴን ያፈረሰችው የግንበኛው ሚስት ናት። በአንድ የነሐሴ የገበያ ቀን ገብስ ስትገዛ ከኋላዋ ደረስሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የመቀነቷን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፤ ከውስጡ በፌስታል ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ታጥፎ ታጥፎ የትንሽ ጣት ያህል የሆነ ብር አወጣች፤ አንዷን መዝዛ ሌላውን መልሳ ቋጠረችና ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ዞር ስትል እኔን አየችኝ። አልደነገጠችም።

«እህት ዓለሜ» አልኋት፣ «ባለቤትሽ በሐምሌ ከእኔ ተበድሮ የለም እንዴ?»

«ተበድሯል ጋሼ። እግዜር ይስጥዎት።»

«ታዲያ ይህ ሲኖርሽ?»

«ይኸ መኖሩን እሱ አያውቅማ! ቀብድ የተቀበለ ለት ከሦስት አንዷን እወስዳለሁ፤ ድንጋይ ገዝቼበታለሁ ብሎ ያስባል። አሁን እኔ ከእርስዎ ብድር በፊት መቀነቴን ብፈታው፣ ጳጉሜን ላይ ማን ይደርስልኛል?»

መጻሕፍት አገላብጬ፣ ከኦሪት እስከ አዋጅ ተጉዤ የደረስሁበትን ሢሶ ይህች ሴት ከጥርሷና ከመቀነቷ ጋር አስማምታ ስትሠራበት ኖራለች። የእኔም ስፍራ በዚያው ተገለጠልኝ፤ ለካ የዚያ ቤት የመጀመሪያው መጠባበቂያ እኔ ነበርሁ፤ መቀነቱ ሁለተኛው ነው። የሐምሌው ሰላምታ በጀት ተይዞለት ኖሯል። ልቆጣ አሰብሁና፣ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ብድሬ ሳትጎድል የምትመለስልኝ ከዚያው ቋጠሮ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ቁጣዬን ተውሁት።

ስለዚህ «ምን ያህል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ በቁርጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ፍርዴ ይህ ነው፤ አራት ወር ለክረምቱና ለጥቅምት፣ ሁለት ወር ለበሽታ፣ ለለቅሶና ለበልግ መቅረት፤ ድምሩ ስድስት። ስድስቱን ባንድ ዓመት መሙላት የሚችል ግንበኛ በሙጃ አላየሁም፤ አራቱን ግን ከሦስት አንዷ ትሞላቸዋለች፤ ሁለቱም በዓመታት ይጠራቀማሉ። ገንዘቡ በማን እጅ ይሁን የሚለውን ከላይ ተናግሬያለሁ፤ ባሎች ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ጎረቤቴን አንድ ቀን አስቀምጬ በየቤቱ የቀረለትን ሂሳብ አስቆጠርሁት፤ የአንዱ አጥር፣ የሌላው ወጥ ቤት፣ ግንቡ አልቆ ሰው ገብቶበት፣ «ከመስቀል በኋላ» የተባለበት ገንዘብ ሲደመር የክረምቱን ወጪ ሞልቶ የሚተርፍ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሰውየው ቆጥቧል፤ የቆጠበው በሰው ኪስ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ የሆነበትም ባለዕዳዎቹን ከደጃቸው ቆሞ ስለ ጥጃቸው ለመጠየቅ ስለሚያፍር ነው። ስለዚህ ይህን የምታነብ ቤት አሠርተህ ቀሪ ሂሳብ በእጅህ ያለ ወንድሜ ሆይ፣ ልስኑ ሳይሰነጠቅ ቀርቶ ከሆነ፣ እባክህ እስከ ሰኔ 25 ቀን ክፈለው።